ሶፍትዌርን በኮንትራት ማሠራት፦ ከአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ቤት የቀረበ የአገልግሎት ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው፣ ቢሮው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚገኝ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ ለሚሠራው የመድኃኒትና የሕክምና መገልገያ አከፋፋይ ድርጅታችን የሠራውን የክምችትና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ሥርዓት፣ እንዲሁም ከሥርዓቱ ጋር የመጣውን አገልግሎት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ከምስጋናው ጎን ወቀሳም ስላለ፣ ደግሞም የማነሣቸው ችግሮች የእርሱ ብቻ ስላልሆኑ። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ልናገር። ሥርዓቱ በየቀኑ ይሠራል፣ የመጋዘናችንን አሠራር ለውጧል፣ እንደገና የመምረጥ ዕድል ባገኝም ሥራውን በኮንትራት ከማሠራት አልመለስም። ይሁን እንጂ የኮንትራት ሥራ ትርፍና ኪሣራ ብዙ የንግድ ሰው እንደሚገምተው በዋጋው ላይ አይወሰንም፤ የሚወሰነው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው በየትኛው ወገን እንደተቀመጠና የሥርዓቱ መክፈቻዎች በማን እጅ እንዳሉ ነው።

መድኃኒት ማከፋፈል ከሩቅ ሲያዩት ገዝቶ መሸጥ ብቻ ይመስላል። እያንዳንዱ ካርቶን ግን የራሱ ባች ቁጥር (በአንድ ዙር አብረው የተመረቱትን የሚለይ ቁጥር) እና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑ የቀረበው አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ አምራቹ ወይም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን ባች ከገበያ ሰብስቡ ቢል፣ ያ ባች ለየትኞቹ ፋርማሲዎች እንደተሸጠ ፈጥኖ ማወቅ ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ ለዓመታት የተሸከሙልን ቢን ካርድ (የዕቃ መግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ካርድ) እና ኤክሴል ነበሩ። ሒሳባችን በፒችትሪ ይሠራል፤ ፒችትሪን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሒሳብ ሠራተኛ ማግኘት ባይቻልም፣ ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለሒሳብ መዝገብ እንጂ ለባች ክትትል አይደለም።

የራሳችንን አልሚዎች፣ ማለትም ፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ መቅጠር የመጀመሪያው ሐሳባችን ነበር። ሐሳቡን ያስጣለን ገበያው ነው። ጥሩ አልሚ ዛሬ ከቤቱ ሳይወጣ ለውጭ ሀገር ድርጅት ሠርቶ በዶላር ይከፈለዋል፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ በብር የምንከፍለው ደመወዝ ለእንዲህ ያለ ሰው መሸጋገሪያ እንጂ መቆያ አይሆንም። ብቻውን የተቀጠረ አልሚ የሠራውን የሚያይለት፣ የሚያርምለትም ባልደረባ የለውም። ያው የምንዛሬ ለውጥ ሥራውን ለውጭ ሀገር ድርጅት የመስጠቱንም በር ዘጋብን። እንደ ኦዱና ኢአርፒኔክስት ያሉ፣ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ባችንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀንን መከታተል የሚችሉ፣ ሊናቁ የማይገባቸው አማራጮች ናቸው፤ ነገር ግን ከዘመን አቆጣጠራችንና ከአሠራራችን ጋር የሚያስማማቸው ባለሙያ ስለሚሹ መልሰው ወደ ኮንትራት ያመጡናል።

የኮንትራቱ አሠራር በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኢስትማን ኮዳክ የኮምፒውተር ማዕከሎቹን ለአይቢኤም ሲያስረክብ ብዙዎች ተደንቀው ነበር፤ አንድ ትልቅ ድርጅት የልብ ሥራውን ሳይሆን የኮምፒውተር ሥራውን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ዓለም በሰፊው የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዘንድም ነገሩ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። አይኮግ ላብስን የመሰሉ የአዲስ አበባ ድርጅቶች የውጭ ሀገር ሥራ ተቀብለው ይሠራሉ፤ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ከዚህ ከተማ የተሠራ ሥራ መኖሩ ይታወቃል። ስለዚህ ጥያቄው አቅም አለ ወይ የሚለው አልነበረም፤ ያ አቅም ለእኛ መጋዘን ሲሆን ምን ያህል ይደርሰናል የሚለው ነበር።

ፕሮፎርማ ስንሰበስብ የቀረቡት ዋጋዎች እጅግ የተራራቁ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ጠይቋል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስንመረምር፣ ርካሾቹ ከዚህ በፊት ለሌላ ደንበኛ የሠሩትን የሱቅ ፕሮግራም ስሙን ቀይረው ሊሰጡን ያሰቡ መሆናቸው ግልጽ ሆነ። የመረጥነው ድርጅት በዋጋ መካከለኛ ነበር። ያስመረጠው ግን ጥያቄው ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት መጋዘኑን ልይ፣ ቢን ካርዶቹን አሳዩኝ ብሏል። ሰዎቹም መጥተው ከንብረት ክፍል ኃላፊያችን ጎን ተቀምጠው ዕቃ ሲገባና ሲወጣ አብረው ውለዋል። አንድ ቀን ወጣቱ አልሚ የሽያጭ ተመላሽን በወረቀት ላይ ሲያስረዳ፣ ኃላፊዋ «ልጄ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ግማሹ ሲመለስስ የት ልትጽፈው ነው?» አሉት። ልጁ እስክርቢቶውን አስቀምጦ «እትዬ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ። እኛ ባዘጋጀነው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ተከፍቶ ስለሚመለስ ካርቶን አንድም መስመር አልነበረም፤ ዛሬ ከሥርዓቱ ክፍሎች ሁሉ በብዛት የምንጠቀምበት ግን ከዚያ ጥያቄ የተወለደው ገጽ ነው። ለአገልግሎቱ ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ የጥናት ጊዜ ነው።

አገር በቀል ድርጅት መምረጥ የሚሰጠው ጥቅም የታየበት ሁለተኛው ቦታ ፍለጋው ነው። የደንበኞቻችን ስም በአማርኛ ይመዘገባል፤ አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተር እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። የኛ አልሚዎች ማንም ሳይነግራቸው ፍለጋው ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርገው ሠርተውታል። በአባት ስም ቦታ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥንም አላስቀመጡም። ይህን ከአገር ውጭ ላለ ድርጅት በሥራ ዝርዝር ጽፎ ማስረዳት ምን ያህል ገጽ እንደሚፈጅ የሞከረው ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀኑን መሳታቸው ይገርማል። በወር የተለየው የሽያጭ ሪፖርት መስከረምን ይዞ ነሐሴ ላይ ይቆም ነበር። ጳጉሜን የለችም። በሒሳብ ሥራ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አብራ ትታሰባለች፤ ሪፖርቱ ግን ከነሐሴም አልደመራትም፣ ለብቻዋም አላሳያትም፣ የዓመቱ ጠቅላላ ድምር ላይ ግን ትገኛለች። የሒሳብ ክፍላችን የ12ቱን ወር ደምሮ ከዓመቱ ድምር ጋር ሲያስተያይ ልዩነቱ የጳጉሜን ሽያጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የረቀቀ ሌላ ስሕተት ነበር። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆና፣ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በሴፕቴምበር 12 ዋለ። ፕሮግራሙ የቀን ልዩነቱን እንደማይለወጥ ቁጥር ወስዶ ስለቀነሰ፣ ከዚያ ዕለት አንሥቶ እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ያሉት ከኤክሴል የተሻገሩ የቆዩ መዝገቦች በሙሉ በአንድ ቀን ተዛንፈው ገቡ።

በመድኃኒት ላይ ያለው ቀን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ወርና ዓመት ብቻ ነው፤ ኦገስት 2026 ከተባለ መድኃኒቱ እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ያገለግላል። ሥርዓቱ ግን ወሩን ከመጀመሪያ ቀኑ ጋር አያይዞ ሐምሌ 25 ላይ «ጊዜው ያለፈበት» የሚል ቀይ ምልክት ይለጥፍበት ነበር። አንድ ወር በመድኃኒት ንግድ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሆስፒታሎች በጨረታ ሰነዳቸው የቀረውን የአገልግሎት ዘመን በወር ቆጥረው ይጠይቃሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ የዚህ አገልግሎት ዋነኛ ጉድለት ያለበትን ቦታ ያሳያል። መጋዘናችንን ያጠኑት ሰዎች የቀኑን ክፍል አልሠሩትም። ድርጅቱ ሥራ ሲበዛበት የሪፖርቱንና የቀኑን ክፍል ከድርጅቱ ውጭ ላለ በግሉ ለሚሠራ አልሚ ሰጥቶት ነበር፤ እርሱም ከመጋዘናችን ማንንም ሳያገኝ፣ የፈረንጅ ቀንን መሠረት ባደረገ ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል ተጠቅሞ ጨረሰው። ኮንትራት ውስጥ ሌላ ኮንትራት ተሰውሮ ነበር ማለት ነው። ለአሠሪው የሚታየው የፕሮጀክት ኃላፊው ብቻ ነው፤ እርሱ ትሑትና መልስ ሰጪ ከሆነ ከበስተጀርባው ማን እንደሚጽፍ የሚጠይቅ አይኖርም። በመካከሉ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ያኔ እዚያ የነበረው የድርጅቱ ቢሮም አብሮ በመነሣቱ፣ እስኪረጋጉ ድረስ ሁለት የምናውቃቸው አልሚዎች ለቀው ተተክተዋል። የቢሮው መነሣት የእነርሱ ጥፋት አይደለም። የሰዎቹን መለወጥ ግን የነገረን አልነበረም፤ ያወቅነው አዲሱ ልጅ ባች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ችግር በገንዘብ ብዛት እንደማይፈታ የሚያሳየው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት በርካታ ኮንትራክተሮች የተካፈሉበት፣ ከበቂ በላይ ወጪ የወጣበት ሥራ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን ጨርሰው የወጡት ሰዎች ግን 6 ብቻ ነበሩ። ክፍሎቹን አንድ ላይ የሚገጣጥመውና ለጠቅላላው የሚጠየቀው ማን እንደሆነ በግልጽ አለመለየቱ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ተብሎ ተጠቅሷል። የእኛ መጋዘን ከዚያ ጋር በስፋት የሚወዳደር አይደለም፤ ክፍተቱ ግን ያው ነው።

እኛ ዘንድ ክፍተቱን የሞላችው ከሒሳብ ክፍል ተነሥታ የሥርዓቱ ተጠሪ እንድትሆን የተመደበችው ባልደረባችን ናት። ኮድ አትጽፍም። የሽያጩንም የመጋዘኑንም ሥራ ታውቃለች፤ እያንዳንዱን ክፍል ከርክክብ በፊት ባለፈው ዓመት እውነተኛ መዝገብ ትፈትነዋለች፤ የጳጉሜንን ጉድለትም የያዘችው እርሷ ናት። ቀድሞ ጥያቄዎቻችን በቴሌግራም ይላኩ ነበር። ቴሌግራም ፈጣን ነው፤ ግን ከመቶ መልእክት በኋላ የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰ የሚያውቅ የለም። አሁን ሁሉም ጥያቄ በአንድ ዝርዝር ላይ በቁጥር ይሰፍራል፣ ኃላፊውም በየሳምንቱ ፈርሞበት ይመልሳል። ሥራን በኮንትራት ሰጥቶ ማረፍ ለሚመኝ አሠሪ የምናገረው ቢኖር፣ የዚህች ሠራተኛ ደመወዝ የኮንትራቱ ዋጋ አካል ሆኖ መቆጠር እንዳለበት ነው። በፕሮፎርማው ላይ አይታይም፤ የ15 በመቶ ቫቱ እንኳ ቢያንስ በግልጽ ተጽፎ ይመጣል።

ስለ ውሉ። ክፍያው ቅድመ ክፍያ፣ በየሞጁሉ ርክክብ የሚለቀቅ፣ ከዋስትና ጊዜው በኋላ የሚከፈል ቀሪ ተብሎ መከፋፈሉ ጠቅሞናል፤ ቀኑ እስኪታረም የያዝነው ቀሪው ክፍያ ከደብዳቤ ሁሉ ይልቅ ሰሚ ነበረው። ዋጋው የቁርጥ መሆኑ በጀት ለመያዝ ያመቻል፤ ነገር ግን አልሚው በዝርዝሩ ያልተጻፈውን ነገር ሁሉ ተጨማሪ ሥራ ነው እንዲል ይጋብዘዋል። ተከፍቶ የሚመለሰው ካርቶን እንኳ ተጨማሪ ነው አይደለም ተብሎ አከራክሯል፤ ድርጅቱ በመጨረሻ ያለ ጭማሪ መሥራቱን በበጎ እመዘግብለታለሁ።

የባለቤትነት ጉዳይ ከሁሉ በላይ የጠበቃ ምክር የሚገባው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ስለሆነ፣ ያሠራው ሰው ስለከፈለ ብቻ ነገሩ በራሱ ይታወቃል ብሎ ከመተው ማን ባለቤት እንደሚሆን በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ይሻላል። የእኛ ውል ሶርስ ኮዱ (አልሚዎቹ የጻፉት የፕሮግራሙ ምንጭ) በድርጅታችን ስም በተከፈተ ማከማቻ እንዲቀመጥ፣ ዶሜይኑ (የኢንተርኔት አድራሻው) በእኛ ስም እንዲመዘገብ፣ የሰርቨሩ ዋና የይለፍ ቃልም በካዝናችን እንዲኖር ያዛል። ድርጅቱ ይህን ያለ ማንገራገር ፈጽሟል፤ በዚህ ነጥብ ከሰማኋቸው ብዙ ታሪኮች የተሻለ ነው። በከተማው ውስጥ የራሱን ፕሮግራም ለማስተካከል የቀድሞ አልሚውን ስልክ ሲደውል የሚውል ነጋዴ ጥቂት አይደለም። የደንበኞች የግል መረጃ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚገዛ ስለሆነ፣ አልሚዎቹ ለሙከራ የሚጠቀሙበት መዝገብ የእውነተኛ ሰዎች ስምና ስልክ የሌለበት እንዲሆን ጠይቀናል። ይህ ግን ዘግይቶ ነው የተፈጸመው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ማስታወሻ መጻፍ አስፈልጓል።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ድርጅቱ የውጭ ሀገር ክላውድን፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨርን፣ መክሮ ነበር። እኛ የመረጥነው ሰርቨሩን በሕንፃችን ውስጥ አኑሮ ቅጂውን ብቻ በየሌሊቱ ወደ ውጭ መላክን ነው። የክላውድ ኪራይ በዶላር ይታሰባል፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜም፣ መዝገቡ ከሀገር ውጭ የሆነ ነጋዴ ምን ያህል እጁ እንደታሰረ አይተናል። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ መግዛት ነበረብን፤ እርሱም ወጪ ነው። ድርጅቱ ምርጫችን ከምክሩ ውጭ ቢሆንም ሥራውን በአግባቡ ተክሏል፤ ቅጂው እውነት የሚመለስ መሆኑንም ፊታችን ፈትኖ አሳይቷል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የጥናቱ ጊዜ ብቻውን ቢመዘን አምስት ይገባው ነበር፤ ነጥብ የተቀነሰበት ሳያሳውቅ ሥራውን ለሦስተኛ ወገን በማስተላለፉ ነው። አገልግሎቱ የሚስማማው ሥራው ከሌላው የተለየ ለሆነና ከሠራተኞቹ መካከል አንዱን ለዚህ ጉዳይ ነፃ ማድረግ ለሚችል መካከለኛ ድርጅት ነው። ለተራ የችርቻሮ ሱቅ ዝግጁ ፕሮግራም ይበቃዋል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት የለበትም። ሶፍትዌሩ ራሱ የንግዱ ልብ ለሆነበት፣ ማለትም በመተግበሪያ ብቻ አገልግሎት ለሚሸጥ ደግሞ፣ ዋናውን ክፍል በኮንትራት እንዲያሠራ አልመክረውም፤ ቢወደድበትም የራሱን ሰው ይያዝ።

ፋርማሲዎች በስልካቸው የሚያዙበትንና በቴሌብር የሚከፍሉበትን ቀጣዩን ክፍል ለዚሁ ድርጅት ለመስጠት ተስማምተናል። የትኛውን መድኃኒት መቼና ምን ያህል ማስመጣት እንዳለብን የሚተነብየውን ክፍል ግን ከአዲሱ ውል አውጥተነዋል፤ እርሱን የምታዘጋጀው የሥርዓቱ ተጠሪ ከንብረት ክፍሉ ጋር ሆና ነው። በረቂቁ ላይ እስካሁን ያልተስማማንበት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ የሚመደቡልን አልሚዎች ስም በውሉ እንዲዘረዘርና ከመካከላቸው አንዱ ሲለወጥ የአንድ ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጠን የሚጠይቀው። ድርጅቱ ሁለት ሳምንት ይበቃል ይላል፤ እኛ ደግሞ ተተኪው መጋዘን ገብቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቆጠራ ሳያይ ሥራ እንዲረከብ አንፈቅድም ብለናል።